ፋይል የተጓዘባቸው መንገዶች፦ ከሼለር እስከ አዲስ አበባ

በምሥራቅ ኦስሎ የምትገኘው ቫይትቬት በ1958 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የገበያ ማዕከሏ ትታወቃለች። ቀጥታ ቢለካ ከ15 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ደግሞ ሼለር አለች። በ1973 የርዕደ መሬት ምርምር ተቋሙ ኖርሳር ከአሜሪካው አርፓኔት ጋር የተገናኘው በዚያ ነው። መነሻው የምድር ውስጥ የኑክሌር ሙከራዎችን ንዝረት የመከታተል ፍላጎት ነበር። በመሆኑም መረብ ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በመንግሥታት የደኅንነት ሥጋት ግፊት ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ አብሃይ ቡሻን የተባለው ሕንዳዊ ተማሪ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፋይል የሚተላለፍበትን ደንብ፣ ኤፍቲፒን፣ ጽፎ ነበር። ተጠቃሚው ጥቂት ትዕዛዞችን በመጻፍ ብቻ ፋይል ይልካል፣ ያመጣል። ሆኖም ደንቡ ተማማኝ ለሆኑ ጥቂት ተመራማሪዎች የተበጀ ስለነበር የይለፍ ቃሉ ያለ ምስጢር በመስመሩ ያልፍ ነበር።

በአዲስ አበባ ታሪኩ የስልክ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ መልእክቶችን አጠራቅሞ በስልክ መስመር እየደወለ ያስተላልፍ ነበር። ኢሜይል ብቻ ለነበራቸው ሁሉ የሩቅ ፋይል ማምጫው ዘዴ ትዕዛዙን በደብዳቤ መልክ ለአገልጋይ ኮምፒውተር መላክ ነበር፤ ፋይሉም ወደ ፊደላት ተለውጦና ተቆራርጦ በኢሜይል ይመለሳል። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር 1997 እ.ኤ.አ.፣ ብቸኛ በነበረው የመንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት በኩል ነው።

መንገዱ ቢከፈትም ሌላ ችግር ነበር፤ ፊደሉ። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን ኮድ ስለሚጠቀም ፋይሉ ሳይጎድል ደርሶም ላይነበብ ይችላል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት አማርኛን በላቲን ሆሄያት ወክሎ በማናቸውም መስመር እንዲያልፍ አስቻለ። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል በ1999 ሲያካትት ነው።

የምስጢሩን ጉድለት በ1995 የሞላው ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን ነው። የዩኒቨርሲቲው መረብ በይለፍ ቃል ሌቦች ከተጠቃ በኋላ መስመሩን የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤች ሠራ። በ1996 የወጣው አርሲንክ ደግሞ የተለወጠውን የፋይል ክፍል ብቻ ይልካል፤ ጉዞው ቢቋረጥም የደረሰውን ሳይጥል ካቆመበት መቀጠል ይችላል። መስመር ለሚቆራረጥበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ይሁንና ብልህ መሣሪያ የተቆለፈ በር አይከፍትም። ከሰኔ 30 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲዘጋ፣ ካቆመበት የሚቀጥለውም መሣሪያ የሚቀጥልበት መስመር አልነበረውም። መሣሪያዎቹ ዛሬ በነጻ ይገኛሉ፤ ቫይትቬት የተቀመጠ ሰው የሚጽፈው ትዕዛዝ አዲስ አበባ ካለው አይለይም። የሚለየው የመስመሩ ባለቤትነትና የመዝጋት ሥልጣን ነው። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ የሚመክር ሁሉ ከመተግበሪያዎች አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው፦ መስመሩን ማን፣ በየትኛው ሕግ፣ በማን ተጠያቂነት ይዘጋል?