ከካልጋሪ እስከ ደሴ፦ የአየር መንገዱ ርቀትና ታሪክ

በካልጋሪ የምንኖር የደሴ ልጆች ክረምት ሲቃረብ «በየት በኩል ትሄዳለህ?» መባባል ልማዳችን ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የመንገዱን ርቀትና ታሪክ ባጭሩ አቀርባለሁ።

ከካልጋሪ አዲስ አበባ በቀጥታ ቢበረር 12,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ወጥቶ በግሪንላንድ ላይ ያልፋል። ቀጥታ በረራ ስለሌለ ግን መንገድ ላይ መውረድ ግድ ነው። በፍራንክፈርት በኩል የሚጨመረው 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በቶሮንቶ በኩል ግን ጠቅላላው ወደ 14,200 ይደርሳል። በሁለቱም አየር ላይ የሚያልፈው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ነው፤ ጉዞውን የሚያረዝመው ጥበቃው ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። የዚያ ዘመን ዳግላስ አውሮፕላን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ የእኛን መንገድ ለመጨረስ ነዳጅ የሚሞላበት ሳይቆጠር ከ42 ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። አየር መንገዱ በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ደረሰ። የልደታ ሜዳ ለጄት ስላልበቃ ቦሌ ተሠራ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ደግሞ የቶሮንቶ በረራ ተጀመረ። ከቶሮንቶ ወደ አዲስ አበባ ያለማቋረጥ ይበረራል፤ ሲመለስ ግን ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ወርዶ ይሞላል።

ይህ ሁሉ መሻሻል ግን አንድ ነገር አልቀየረም። ሰኞ ማታ ከካልጋሪ የተነሣ ሰው፣ የ9 ወይም የ10 ሰዓቱ ልዩነት ተጨምሮ፣ አዲስ አበባ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ነው። ከዚያ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል፤ በአየርም ቢሆን ኮምቦልቻ ወርዶ ዳገቱን መውጣት አለ። በሀገራችን ደግሞ ሙስሊሙ በዕለቱ፣ ክርስቲያኑም በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይቀብራል። መርዶ ሰምቶ የተነሣ ልጅ ለቀብር አይደርስም።

ታዲያ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ማን ይቀብርልናል? ቅሬው፣ ጎረቤቱ፣ ያገሩ ሰው። በእኛ ፈንታ አስከሬን የሚሸከመው፣ ድንኳን የሚጥለው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው እሱ ነው። እኔ በዚህ ማኅበር በኩል ለትምህርት ቤትም ሆነ ለጤና ጣቢያ የምናዋጣውን ገንዘብ እርዳታ ማለት የሚከብደኝ ለዚህ ነው። ያለብን ዕዳ ነው። አውሮፕላን ያላደረሰን ቦታ ያገራችን ሰው ደርሶልናል።

መሄድ የምትችሉ ደግሞ ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ሂዱ። ትኬቱ ውድ ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው። ግን ሰው አግኝቶ ለመሳም የሚደረስበት ጊዜ አሁን ብቻ ነው።