የልቡና ምሥጢርና የመርማሪዎች ሚዛን

ከሥጋው ተለይቶ ራሱን በራሱ ከላይ ሆኖ እንዳየ የሚናገር ሰው በየዘመኑና በየሕዝቡ መካከል ተገኝቷል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ፣ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀው ሰው ሲናገር፣ ነገሩ በሥጋ ይሁን ከሥጋ ውጭ እንደማያውቅ መላልሶ ገልጿል፤ በምሉዕ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየውና እ.ኤ.አ. በ1819 ሪቻርድ ሎረንስ በኦክስፎርድ ያሳተመው ዕርገተ ኢሳይያስም፣ የነቢዩ ዓይኖች እንደ ተገለጡ፣ እስትንፋሱም በውስጡ ሳለ፣ ልቡናው ወደ ላይ መወሰዱን ይተርካል። አበው ይህን የመሰለውን ነገር በእምነትና በአክብሮት ተቀብለውታል፤ በምርምር ሚዛን ለመመዘን የተደረገው ጥረት ግን ከ140 ዓመት ብዙ የማይበልጥ ዕድሜ ያለው ስለሆነ፣ ታሪኩን ከመነሻው መከታተል ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1882 እንዲህ ያሉትን ምሥጢራት የሚመረምር ማኅበር በለንደን ከተማ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሄንሪ ሲጅዊክ በካምብሪጅ የታወቀ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ሊቅ ነበር፤ ከዚያ አስቀድሞ በ1869 የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት አንቀጾች በሙሉ ልቡ መቀበል ስላልቻለ በትሪኒቲ ኮሌጅ የነበረውን መዓርግ በፈቃዱ የለቀቀ፣ ለጥቅሙ ሲል ያላመነውን አመንሁ የማይል ሰው ነበር። ማኅበሩም የመሪውን ጠባይ ወረሰ፤ በ1884 ሪቻርድ ሆጅሰን የተባለውን አባሉን ወደ ሕንድ ልኮ፣ የቴዎሶፊ ማኅበር መሥራች ማዳም ብላቫትስኪ አደረገች የተባለውን ተአምር ካስመረመረ በኋላ፣ ነገሩ ማታለል ነው የሚለውን ዘገባ በ1885 አውጥቷል። ስውሩን ነገር ሊያገኙ የሚናፍቁ ሰዎች፣ የሚናፍቁትን ነገር በሐሰት ያቀረበላቸውን ለማጋለጥ መድፈራቸው የሚመሰገን ነው።

ከሥራቸው ሁሉ የሚልቀው በ1894 የታተመው ታላቁ ቆጠራ ነው። ሲጅዊክና የኒውንሃም ኮሌጅ አስተዳዳሪ የነበረችው ባለቤቱ ኤሌኖር ከባልንጀሮቻቸው ጋር በኮሚቴ ሆነው፣ በንቃት ሳለ የሌለ ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ እንደ ሆነ 17,000 ሰዎችን አስጠየቁ። በአገሪቱ የሞት ቍጥር መሠረት አንድ ሰው በተወሰነ ቀን የሚሞትበት ዕድል ከ19,000 አንድ ሲሆን፣ የሚያውቁት ሰው በራእይ ታየን ካሉት ዘንድ ግን ከ43 አንዱ ያህል የታየው ሰው ከሞተበት ሰዓት ጋር ተገጣጥሞ ተገኘ፤ ኮሚቴውም ይህ በአጋጣሚ ብቻ ሊሆን አይችልም ሲል ፈረደ። ተቺዎቹ ግን የሰው ትዝታ ከሞት ጋር የተገናኘውን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ያልተገናኘውን ግን ቶሎ እንደሚረሳ፣ ከምስክሮቹም ብዙዎቹ ያዩትን የሞቱ ወሬ ከመድረሱ አስቀድመው በጽሑፍ እንዳላኖሩት አመለከቱ። ስለዚህ ምስክር መሰብሰብ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በሰሜን ካሮላይና በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆሴፍ ባንክስ ራይን ከ1930 ወዲህ ምርመራውን ከትዝታ ወደ ቤተ ሙከራ አዛወረው። ክብ፣ መስቀል፣ ሞገድ፣ አራት ማዕዘንና ኮከብ የተሣለባቸውን 25 ካርታዎች አዘጋጅቶ፣ ያልታየውን ካርታ በልብ ዕውቀት ብቻ እንዲገምቱ ሰዎችን ጠየቀ፤ በአጋጣሚ የሚጠበቀው 5 ትክክል ብቻ ሲሆን፣ እርሱ ግን ከዚያ የሚበልጥ ማግኘቱን በ1934 በመጽሐፍ አወጣ። ይሁንና ሥዕሉ በካርታው ጀርባ ሊታይ የሚችል መሆኑ ተነቀፈበት፤ በ1936 በፕሪንስተን ከ25,000 በላይ ግምት የተቈጠረበት ሙከራም ከአጋጣሚ የሚበልጥ ነገር አላሳየም።

ከሥጋ ውጭ የመሆንን ስሜት በሚመለከት ግን ያልታሰበው በር በሐኪሞች እጅ ተከፈተ። በ2002 በጄኔቫ ኦላፍ ብላንኬና ባልደረቦቹ፣ የሚጥል በሽታ ያለባትን ሴት ሲመረምሩ በቀኝ አንጎሏ አንድ ስፍራ ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ ባሳለፉ ጊዜ፣ አልጋ ላይ የተኛውን የገዛ ሰውነቷን ከላይ ሆና እንዳየች ነገረቻቸው። በ2007 ደግሞ ሄንሪክ ኤርሰን፣ ካሜራ ከጀርባቸው ተክሎ የሚያነሣውን ሥዕል በዓይናቸው ፊት በማሳየት፣ ደረታቸውንም በዘንግ በመነካካት፣ ጤነኞች ሰዎች ከሰውነታቸው ኋላ የተቀመጡ ያህል እንዲሰማቸው አደረገ። ሳም ፓርኒያ የመራው ጥናትም በ15 ሆስፒታሎች ልባቸው የቆመባቸውን 2,060 ሕሙማን ተከታትሎ፣ ከጣሪያ አጠገብ ሆኖ ካልሆነ በቀር የማይታይ ሥዕል በመደርደሪያ ላይ አኑሮ ጠበቀ፤ በ2014 ውጤቱ ሲወጣ ግን፣ አየን ሰማን ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱም መደርደሪያው ባለበት ክፍል ስላልነበረ፣ ፈተናው ሳይፈተን ቀረ።

«ልቤ ነገረኝ» የምንለውም ነገር ከሚዛን አላመለጠም። በ1997 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቤቻራና ዳማሲዮ ሰዎችን ከአራት የካርታ ክምር እንዲመርጡ አድርገው የእጃቸውን ላብ ሲለኩ፣ የሚያከስረው ክፉው ክምር የቱ እንደ ሆነ ተጫዋቾቹ መናገር ሳይችሉ ገና አሥር ካርታ ያህል እንዳነሡ፣ እጃቸው ወደ ክፉው በቀረበ ጊዜ ሰውነታቸው ይሠጋ ጀመር። የፊተኛው አንጎላቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ግን ይህ ማስጠንቀቂያ አልደረሳቸውም። እንግዲህ ልብ ከቃል ሊቀድም እንደሚችል ሙከራው በመሣሪያ አመለከተ።

ከዚህ ታሪክ የማምነው ፍርድ ይህ ነው፤ ስሜቱ በሳይንስ ሊመረመር ይችላል፣ ተመርምሯልም፤ ነፍስ ከሥጋ ወጥታ ሩቁን ታያለች የሚለው ቃል ግን «አይደለም» የሚል መልስ ሊሰጥ የሚችል ፈተና ቀርቦለት ገና አላለፈም። የነፍስን ባሕርይ መወሰን የነገረ መለኮት ድርሻ ስለ ሆነ፣ መርማሪው በሚለካው ላይ ብቻ ይናገር። አንባቢ ሆይ፣ ራእይ ወይም የልብ ማስጠንቀቂያ ቢያጋጥምህ፣ ወሬው ሳይደርስህ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ አኑር፤ ሌላው ሲነግርህም አትዘብት፣ ሳትመረምርም አትቀበል።