ጥላ የሌለው ብርሃን

እስቲ ወደ እንጦጦ እንውጣ። ከየካ በኩል የመጣውም፣ ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን የተያያዘውም ባሕር ዛፉ መሐል ይገናኛል። እዚያ ላይ እንጦጦ ማርያም አለች፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት። ጫማችሁን አውልቁና ግቡ፤ ዓይናችሁ ድንግዝግዙን እስኪለምድ ትንሽ ታገሡ።

አሁን የቅዱሳኑን ሥዕል እዩ። ፊታቸው ወለል ብሏል፤ ግን ብርሃኑ ከየት መጣ? ከግራም ከቀኝም አይደለም። ከእግራቸው ሥር የወደቀ ጥላ የለም። የጥንቱ ሠዓሊ ብርሃንን ከመስኮት አልተበደረም፤ ከጻድቁ ከራሱ አወጣው። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ ባንድ ዓይኑ ሣለው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ዕቃው ነው። በእመቤታችን ጣቶች መካከል የተንጠለጠለችውን መሐረብ ልብ ብላችኋል? ሮም ካለው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ኢየሱሳውያን ባመጡት ቅጂ በኩል የደረሰችን ናት፤ የእኛ ሠዓሊዎች ስንት ነገር በራሳቸው ወግ ሲለውጡ እሷን ግን አልጣሏትም። ደግሞ የስቅለትን ሥዕል እዩ። በግራና በቀኝ ፀሐይና ጨረቃ ፊታቸው ጠቁሯል። ከመስቀሉ ግርጌ የአዳም ራስ ቅል አለ፤ የጌታ ደም ወርዶ ይነካዋል።

ሆላንዳዊው ፒተር ክላስም እ.ኤ.አ. በ1630 ራስ ቅል ሣለ። ሰው የለበትም፤ አጥንቱ፣ የተደፋ ብርጭቆ፣ ሰዓት፣ የጠፋ መብራት አለበት እንጂ። ብርሃኑ ባንድ ወገን ገብቶ ግማሹን ለጥላ ይተወዋል። ያ ቅል «ትሞታለህ» ይላል። የእኛው ግን ሞቶ የሚጠብቅ ነው፤ ደሙ እስኪደርሰው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው፤ ተስፋ አለበትና።

ዘመን አለፈ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከእንጦጦ በታች፣ ከተማው ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የተቀመጠ ዕቃ እያዩ ብርሃኑን ከነጥላው መንደፍ የተማሪ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር፤ የብራና ሥዕል ያውቁ የነበሩት የአለቃ ደስታ ልጅ፣ ኮሎኝ ድረስ ሄዶ የተማረ። እሱም ስቅለትን ሣለ፤ «ጎልጎታ» አለው። የታወቀው የስቅለት ሥርዓት፣ ፀሐይና ጨረቃው፣ ከግርጌ ያለው ቅል፣ ሁሉ ቀርቶ ሸራውን የሚገዛው ቀይ ነው። አባቱ በብራና ላይ ያውቁት የነበረው ደም፣ በልጁ እጅ ብርሃኑም ጥላውም ሆነ።