ሰባራ ድልድይ

ሰባራ ድልድይ በጎጃምና በደቡብ ጎንደር መካከል፣ በዓባይ ወንዝ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጎጃም በኩል ያለችው ቅርብ ከተማ ሞጣ ናት። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ካለው የአላታ ድልድይ ለመለየት «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» ተብሎም ይጠራል። በኋላ በአቅራቢያው ለእግረኞች ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል።

ታሪክ

ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዓፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት (1632–1667 እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሲሆን ድንጋዩ በኖራ ተያይዞ በቅስቶች ላይ ያረፈ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ሲባል መካከለኛው ክፍል እንዲፈርስ ተደረገ። «ሰባራ» የሚለው ስያሜም ከዚህ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ክፍተቱ የሚታለፈው በገመድ ነበር። በሁለቱም ወገን የቆሙ ወንዶች ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሳባል። ገመዱ ቢበጠስ ወይም ከእጅ ቢያመልጥ ከታች ያለው ዓባይ ነው። ያም ሆኖ ለገበያም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ሰው በዚህ መንገድ ይሻገር ነበር።

ጥገናና አዲሱ ድልድይ

በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ይህን አሻጋገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ተመለከተ። «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ግብረ ሰናይ ድርጅት አቋቁሞም በ2002 እ.ኤ.አ. ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ክፍተቱን በብረት አገናኘ። ሆኖም በ2005 እ.ኤ.አ. የክረምት ሙላት የተጠገነውን ክፍል ወሰደው። ድርጅቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ተንጠልጣዩን ድልድይ ሠራ።

አሠራር

በተንጠልጣይ ድልድይ ክብደቱን የሚሸከሙት ከዳር እስከ ዳር የተወጠሩ የብረት ገመዶች ናቸው። የገመዶቹ ጫፎች በሁለቱም ዳርቻ መሬት ውስጥ በተቀበሩ ከባድ መልሕቆች ይታሰራሉ፤ መረማመጃው ደግሞ በገመዶቹ ላይ ይያዛል። በውኃው ውስጥ የሚቆም ምሰሶ ስለማያስፈልገው ጎርፍ ይዞት የሚመጣው ግንድና ድንጋይ የሚመታው ነገር አያገኝም። መረማመጃው ከሙላቱ ከፍታ በላይ እስከሆነ ድረስ በክረምትም ያሻግራል። ገመድ፣ እንጨትና ሲሚንቶ በሰውና በጋማ ከብት ሊጓጓዙ ስለሚችሉም የመኪና መንገድ በሌለበት ሸለቆ ለመሥራት ያመቻል።

ድርጅቱ በሰባራ ድልድይ የጀመረውን ሥራ ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፍቶ በሩዋንዳና በሌሎችም የገጠር አካባቢዎች የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል።