«ተማሪው ይህን ማድረግ ይችላል»፦ የአንድ ዓረፍተ ነገር ታሪክ

«የዚህ ኮርስ ዓላማ ተማሪው ጸጋን በሚገባ እንዲያውቅ ነው።» ይህን መሰል ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ መምህር ጥቂት ነው፤ እኔም ጽፌዋለሁ። ችግሩ የሚገለጠው ፈተና ስናወጣ ነው። «በሚገባ ማወቅ» ትርጉሙን መጻፍ ነው ወይስ በበደል የተጨነቀን ምእመን ማጽናናት?

ጥያቄውን አጥብቆ ያነሣው አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውን «የስምንት ዓመት ጥናት» የምዘና ሥራ መራ። በ1949 ባሳተመው መጽሐፉም ዓላማ ሁለት ነገር መያዝ እንዳለበት አስረዳ፦ ተማሪው የሚያሳየውን ድርጊትና ድርጊቱ የሚመለከተውን የትምህርት ይዘት። የእርሱ ተማሪ የነበረው ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር በ1956 የእውቀትን ዓላማዎች ከማወቅ እስከ መገምገም በስድስት ደረጃ አስቀመጠ። ሮበርት ሜገር ደግሞ በ1962 ዓላማ ሲጻፍ ተማሪው ምን እንደሚያደርግ፣ በምን ሁኔታ እንደሚያደርግና ምን ያህል በብቃት እንደሚያደርግ ይገለጽ አለ። «ማወቅ» እና «መረዳት» የሚሉትን ግሦች ብዙ ትርጉም ስለሚቀበሉ ተጠራጠራቸው።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያዘጋጀው ተማሪ ለብቻው ደረጃ በደረጃ ለሚያጠናው የትምህርት ዓይነት ነው። ለእኛ አገልግሎት ትልቁ ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። በ1963 የጓቲማላ ፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ሥራና ቤተሰብ ጥለው ለመምጣት ያልቻሉትን የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ባሉበት ማስተማር ጀመረ። ቲኢኢ የምንለው የሥነ መለኮት ትምህርት የተወለደው ከዚህ ነው። ተማሪው በቤቱ ያጠናል፤ ከመምህሩ ጋር የሚገናኘው በየጊዜው ነው። በክፍል ውስጥ ዓላማው ግልጽ ባይሆን መምህሩ በቃል ያቃናዋል፤ ማታ ከእርሻ ተመልሶ በኩራዝ ለሚያነብ ሽማግሌ ግን የሚያቃናለት የለም። ስለዚህ ብዙ የቲኢኢ መጻሕፍት ይህንኑ የደረጃ በደረጃ ስልት ተጠቀሙ።

ዋጋም አስከፈለ። ባዶ ቦታ መሙላት ቀላል ነው፤ የተሞላው ሁሉ ግን አልተማረም። ኤሊዮት አይዝነር በ1967 ሁሉም ትምህርት አስቀድሞ በተወሰነ ድርጊት ሊታሰር አይችልም ሲል ተቃወመ። እውነት አለው። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 የጠቀሰው ፍጻሜ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ በምርጫ ጥያቄ አይታይም። ነገር ግን ይህን ምክንያት አድርገን ወደ «በሚገባ ያውቃል» ብንመለስ የምንሸፍነው የራሳችንን ስንፍና ነው።

የእኔ ዓረፍተ ነገር ዛሬ እንዲህ ይነበባል፦ «ተማሪው ኃጢአቴ ይቅር አይባልም ለሚል አንድ ምእመን፣ ከኤፌሶን 2 ተነሥቶ፣ ቃላት ሳያከብድ ጸጋን ያስረዳል።» ያንን ምእመን ይወደው እንደሆነ ግን በወረቀት አልፈትንም፤ ለተግባር ልምምድ የተመደበበትን አጥቢያ ሽማግሌዎች እጠይቃለሁ።