ቀንና ቦታ ያልተጻፈለት ወፍ



በመዝገብ ቤት ቀንና ቍጥር የሌለው ደብዳቤ ያጋጠመው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ዛሬ የምንተርከውን ነገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ወረቀቱ አለ፤ ፊርማውም አለ፤ ዳሩ ግን ከየት እንደ መጣና መቼ እንደ ተጻፈ የሚናገር የለም። በአገራችን ደቡብ የሚኖር አንድ ያማረ ወፍም እንዲህ ያለ ዕድል ደርሶበት ነበር።

ኤውጀንዮ ሩስፖሊ የተባለ የኢጣልያ ልዑል በ1892 እና በ1893 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንሰጣለን) የሶማሌን ምድር አቋርጦ ወደ ገናሌና ወደ ዳዋ ወንዞች አገር መጣ። እርሱና ባልደረቦቹ ዕፀዋትን፣ አራዊትንና ወፎችን ይሰበስቡ ነበር። በ1893 ዓመት መጨረሻ ግን ልዑሉ ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው፤ ዕድሜውም ገና 27 ነበር። የሰበሰበው ነገር ወደ ኢጣልያ ተጓዘ። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለው የወፎች ሊቅ ሲመረምረው ራሱ ነጭ፣ ክንፉ በደማቅ ቀይ ያጌጠ፣ ከዚያ በፊት በሊቃውንት ዘንድ ያልታወቀ ቱራኮ አገኘ፤ በ1896ም በሟቹ ልዑል ስም ሰየመው። ነገር ግን ወፉ በየትኛው ደን፣ በየትኛው ቀን እንደ ተገኘ የሚገልጽ አንዲት መስመር እንኳ አልተገኘም።

ሙታንን መውቀስ ነውር ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ቀለም ይዞ የሚጓዝ ሰው በየማታው ሁለት መስመር ቢጽፍ ኖሮ ምን ይጐዳ ነበር? በዚህች ጕድለት ምክንያት ሊቃውንቱ ወፉን በዱር ዳግመኛ ያዩት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ወፍ አድራሻ የሌለው ሆኖ ኖረ ማለት ነው። በነገሌና በአሬሮ አካባቢ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ግን ፍሬ ሲለቅም ሳያዩት ኖረዋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። የጠየቃቸው ስላልነበረ ዕውቀታቸው ወደ መጽሐፍ አልገባም።

ሁለተኛው ታሪክ በአርባ ምንጭ አጠገብ፣ በነጭ ሳር ሜዳ የሆነ ነው። በ1990 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በመኪና መንገድ ላይ ተዳምጦ የሞተ ወፍ አገኙ። ወፉ እንግሊዞች ናይትጃር ከሚሉት፣ በጨለማ ነፍሳትን ከሚያድን ወገን ነው። (የሌሊት ወፍ ብለን እንዳንጠራው ስሙ አስቀድሞ ለሌላ ፍጥረት ተሰጥቶአል።) ሊጠበቅ የሚችለው አንድ ክንፍ ብቻ ስለ ሆነ እርሱን ወሰዱ፤ በ1995ም በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተገለጸ። የላቲን ስሙ ሶላላም «ብቸኛ ክንፍ» እንደ ማለት ነው። አንድ ክንፍ ለአንድ ዝርያ በቂ ምስክር ይሆናልን? ይህ የሚያከራክር ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ከልዑሉ ሙሉ ወፍ ይልቅ የዚህ ክንፍ መዝገብ የተሟላ እንደ ሆነ ልብ ይሏል፤ መንገዱም ዓመቱም ታውቆአልና።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያከናውኑት ደመወዝተኛ ሊቃውንት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በመነጽር ወፍ የሚመለከቱትን ሰዎች አሰባስቦአል፤ «ዋልያ» የተባለ መጽሔትም አሳትሞአል። ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 ያወጡት የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች አትላስም አገሩን በየግማሽ ዲግሪው በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ፣ በየክፍሉ የትኛው ወፍ እንደ ታየ ያመለክታል። አንድ ማዕዘን በያንዳንዱ ጐኑ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ ባዶ የሆነ ማዕዘን ሁልጊዜ ወፍ የለበትም ማለት አይደለም፤ ሄዶ ያየና የጻፈ ሰው አልነበረም ማለትም ሊሆን ይችላል። ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር የምትወርዱ አንባቢዎች ይህን አስቡበት። የሚጠየቀው የወፉ መልክ፣ ብዛቱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቦታው ስም ነው፤ ከተጠራጠራችሁም መጠራጠራችሁን መጻፍ ነው።

በዚያው በ2009 አራት ተጓዦች በነጭ ሳር ሜዳ በሌሊት በመብራት ፈልገው፣ የክንፉ ባለቤት ነው ያሉትን ወፍ እንዳዩ ተናገሩ። በቤተ መዘክር ተጠብቆ ያለው ማስረጃ ግን አሁንም ያችው በ1990 ከመንገድ የተነሣችው ክንፍ ናት።