ወገቡ ለተሰበረ ሰው የመጀመሪያው ሐኪም ተሸካሚው ነው



ልጅ ሳለሁ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለው ገጠራችን፣ አንድ ጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ሲመለምል ወደቀ። ወገቡን ቢያመውም እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ሰዎች በደግነት አንስተው በቅሎ ላይ አስቀመጡት፤ ግራና ቀኝ ደግፈው መንገድ ጀመሩ። ከተማ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ አለው። «እግዜር ያመጣው ነው» ተባለ። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው አምኜ ኖርኩ።

የሰው ልጅ በዚህ ጉዳት ተስፋ የቆረጠው ከጥንት ነው። ከ3500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የግብፅ የሕክምና ጽሑፍ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳን ሰው ከማይታከሙት ይመድበዋል። የተሰበረ አከርካሪን አቃንቶ በብረት ማሰር የተስፋፋው ገና እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ አሜሪካዊው ፖል ሃሪንግተን በዘንግ፣ ፈረንሳዊው ሬይሞን ሯ-ካሚይ በብሎን መንገዱን ከፈቱ።

በእኛ አገርስ? ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አንገቱ ሲጎዳ፣ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ድረስ ተወሰደ። እጁ ተመለሰለት፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሐኪም ባሕር ዳርም ይገኛል።

ታዲያ ቀዶ ሕክምናው ምን ያደርጋል? ነርቭ ላይ የተጫነውን አጥንት ያነሳል፣ የላላውን አከርካሪ ያስራል። ስብራት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። አንዴ የተጨፈለቀን ህብለ ሰረሰር ግን የትኛውም ብሎን አይጠግነውም። የጎረቤታችን ነገር የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው፦ ምናልባት የጎዳው ዛፉ ብቻ ሳይሆን በቅሎዋም ነበረች።

ስለዚህ አደራ! ከዛፍ፣ ከጣሪያ ወይም ከአይሱዙ የወደቀን ሰው አታስቀምጡ፣ እጅና እግሩን ይዛችሁ አታንጠልጥሉ። ሦስት አራት ሆናችሁ ራሱን፣ ትከሻውንና ዳሌውን እኩል ይዛችሁ፣ እንደ ግንድ ባንድነት አገላብጡት። የቤት መዝጊያም ቢሆን ነቅላችሁ፣ ደልዳላ ነገር ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ ተሸከሙት። ወጌሻን አልንቅም፤ ስንቱን እጅ አቃንቷል። ወገብ ግን አይታሽም፣ አይጎተትም።

ቃሬዛ መሸከም ባህላችን ነው። አያያዙን እናስተካክል። ይህን ፌስቡክ ለሌላቸው የገጠር ዘመዶቻችሁ አንብቡላቸው።